ወፍራሙ ኋላ ይደርሳል

ኔትወርክ በጠፋ በሦስተኛው ሳምንት፣
መምህር ጓንጉል ወጣ ከቆርቆሮው አናት፤
መዳብ ሽቦ ዘረጋ ከዋንዛው ግንድ እስከ ኩሽናው ጫፍ፤
(ጎረቤት ሲጠይቅ፣ «ልብስ ማስጫ ነው» አለ፣ በቀልድ ለማለፍ።)
እኔ መሰላል ያዥ፣ እኔ ፒንሳ አቀባይ፣
የማራኪ ተማሪ፣ ፈተናው የቀረ፣ ሥራ ፈት ተከራይ።

ማዳመጫውን ተካፈልን፣ ለሰው አንድ አንድ ጆሮ፤
ጣቢያ አልነበረበት፣ ዜና አንባቢ፣ ዘፈን፣ ወይ እሮሮ።
መጀመሪያ ሽርርታ፣
ከዚያ ጸጥታ፣
ከዚያ
ጢ—ው!
ጋን ውስጥ እንደ ወደቀች ጠብታ፣
ከላይ ተነሥታ ቁልቁል ተንሸራታ።

«መብረቅ ነው» አለኝ። «ከጣና ባሻገር፣
ምናልባትም ከኮንጎ፣ ከዝናቡ አገር።
ሲነሣ አንድ ነበር፣ ቀጭኑ ከወፍራም ሳይለይ፣ አንድ ጡጫ።
«ፕላዝማ» ሲሉህ ትዝ የሚልህ የክፍሉ ቴሌቪዥን ነው፣ ሳትጽፍ አውርቶ የሚሄድ፤
እኔ የምልህ ሌላ ነው፣ ከራሳችን በላይ የሚሰደድ፤
ቀን ፀሐይ ደብድባ ካተሙ ያስወጣችው፣
መሽቶም ቤት ያልገባ፣ ኤሌክትሮን ነው ስደተኛው።
ሞገድ ሲደርስበት እያንዳንዱ ይነቃል፣
ጥቂት ይወዛወዛል፣ ጥቂት ያዘገያል።
ቀጭኑ ድምፅ ችኩል ነው፣ ሳያስነቃቸው ያልፋል፤
ወፍራሙ ይጎተታል፤
እጅግ የወፈረው ኬላው ላይ ደርሶ ወደ ምድር ይመለሳል።
እና ሲነሣ ምት እንጂ ዜማ አልነበረውም፤
ዜማው የመንገዱ ነው፣ የመብረቁ አይደለም።»

ዝም አለ።
ልጁ ስመኝ ነርስ ናት፣ ገንዳ ውሃ።
መስመር የተቆረጠ ለት ደውላ ነበር፣ ማታ፣ አንድ ሰዓት ግድም፤
«አባ» አለች። ቀጭን፣ ከፍ ያለ። ከዚያ ወዲያ ምንም።
ሰላምታ ይሁን ጩኸት እስካሁን አልለየም፤
ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል፣ ትራሱ ሥር ያኖራል፣ ስለሱ ግን አያወራም።

ሊነጋጋ፣ ባዘዞ በኩል ሰማዩ ሲቀላ፣ ድምፁ ሁሉ ከሰመ፤
(ፀሐይ ስትወጣ የታችኛው ሽፋን ይወፍራል፣ ይውጠዋል፤ ይህንም እሱ ነው ያስተማረኝ።)
ሽቦውን ልጠቀልል ስል እጄን ያዘና ቆመ።
«ተወው» አለ። «ልብስም ቢሆን ይሰጣበት።
ቀጭኑ ደርሷል፤
ወፍራሙ ኋላ ይደርሳል።»

ረፋድ ላይ እትዬ ያምሮት ወጣች በባልዲ፤
ከሽቦው መሀል አንድ ነገር ብቻ ሰጣች፣
የስመኝን ነጭ ጋወን፣
ቁም ሳጥን የከረመ፣
ያልቆሸሸ።
ውሃው ጠብ ጠብ ይል ነበር፣
እኩል ባልሆነ ፋታ።