ማውጫ የሌለው

ሠላሳ ሁለት ዓመት መጽሐፍ ሳውስ ኖሬ፣
በመደርደሪያ መሃል ከአቧራ ጋር አብሬ፣
ጡረታዬን ወጣሁ፤ እቁቤም ደረሰኝ፤
ጀልባ ገዛሁበት፤ ሰው ሁሉ ታዘበኝ።
ሞተሩ አሮጌ ነው፣ ቀለሙ የተላጠ፣
ስሙ ከነፊደሉ በውሃ የተዋጠ።

ላሚሶ፣ የፊተኛው ጌታው፣ ቁልፉን ሲያስረክበኝ
«ዋና ይችላሉ ወይ?» ብሎ ነው የጠየቀኝ።
«አልችልም፤ አነባለሁ።»
ሳቀብኝ።

እኔ የማውቀው መንገድ በወረቀት ነውና
ለሐይቁም መምሪያ ፍለጋ ወጣሁ በጠዋቱ ገና።
ከአቶቴ እስከ ፒያሳ መጽሐፍ አንጣፊውን
አንድ ባንድ ጠየቅሁት ስለ ውሃው ጉዳይ ያለውን።
«የሐይቅ የለም» አለኝ፣ «የሀብት ግን ሞልቷል፤
በሠላሳ ቀናት ባለጠጋ ያደርጋል።»

ሌላው፣ ቱሪስት የጣለው፣ ሽፋኑ የለቀቀ፣
ስለዚህ ሁሉ ውሃ በሁለት መስመር አለቀ፦
«ጀንበር ስትጠልቅ ያምራል። ዓሣው ይጣፍጣል።»
ስለ ነፋሱ ዝም። ጉማሬው? «ይታያል።»
ይታያል! በስንት ሰዓት? በየትኛው ጥግ?
አይቶስ ስንቱ ተረፈ?

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። «የሐይቁን ካርታ» ስል
ልጅቷ ቀና አለች፣ ብዕሯን አኑራ ከጠረጴዛው በኩል፦
«ይዞታው በማን ስም? ስፋቱ ስንት ካሬ?
ግብር የተከፈለበት ደረሰኝስ እስከ ዛሬ?»
አልፈርድባትም። ሐይቁ በየክረምቱ ሲነሣ
ያለ ካርታ ይይዛል፣ አጥር አልፎ ማሳ።

በስተመጨረሻ ከዓሣ ጽሕፈት ቤት
አንድ ሉህ አገኘሁ፣ የታጠፈ በአራት፤
ጥልቀቱ በቁጥር፣ ዳርቻው በቀለም፣
ዓመተ ምሕረቱ ግን ከግርጌው የለም።
ዓመት የሌለው ሰነድ ለእኔ ሰካራም ነው፤
እውነት ይናገር ይሆናል፤ የመቼ እውነት ነው?

ላሚሶ ግን ደብተር ነበረው። የዱቤ።
አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ወስዶ ላልከፈለ የሚጻፍበት፦
«ዳንጊሴ፣ ቆሮሶ ስድስት። አልከፈለችም።
ሻላሞ፣ አምባዛ አንድ። ግማሹን ሰጠ።»
በህዳጉ ደግሞ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፦
«ዛሬ መረብ የለም። ከስምንት ሰዓት በኋላ ነፋስ፣ ከአላሙራ በኩል።
ጥቁር ውሃ አፍ ላይ ጉማሬ ከነግልገሏ። በሩቁ።
ከሾላው ፊት ለፊት ድንጋይ አለ። ሞተር አንሣ።»

«ስንት ትሸጠዋለህ?»
«አይሸጥም፤ ዕዳ አለበት።»
«እንግዲያው ዕዳውን ልግዛ።»
ጭንቅላቱን አከከ። ደመረ። እንደገና ደመረ።
የዳንጊሴን ስድስት ቆሮሶ እኔ ከፈልኩ፤
ሴትዮዋን እስከ ዛሬ አላየኋትም።

ሉሁን ከጉልበቴ፣ ደብተሩን ከብብቴ፣
ላሚሶን ከኋላ፣ ሞተሩ ላይ፣ ፍርሃትን ከፊቴ።
ሾላውን ፈለግነው፤ ውሃ ውስጥ ቆሟል፣
አባ ኮዳ ከላዩ እንደ ዳኛ ተሰይሟል።
ሉሁ «አራት ሜትር» አለ፣ ደብተሩ «ድንጋይ» አለ፤
ዘንጉን ብናወርደው ድንጋዩስ የት አለ?
ላሚሶ ዘንጉን እያየ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ነፋሱ ግን መጣ። በስምንት ሰዓት፣ በተባለበት በኩል፣
እንደ ቀጠሮ አክባሪ ሰው።
ማዕበሉ አንድ ጊዜ ዘለለና ደብተሩን አራሰው፤
የሻላሞ ግማሽ ዕዳ በሰማያዊ ቀለም ፈሰሰ።

የለመድኩት ሥራ መጀመሪያ ማውጫውን መግለጥ ነው፤
ይህ ሐይቅ ገጹ ብዙ፣ ማውጫ ግን የለው፤
ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም።
ከየትኛው ገጽ እንደምጀምር የሚነግረኝ የለም።

ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ደብተሩን ገመድ ላይ ሰቅዬ፣
አዲስ ደብተር ገለጥኩ፣ እርሳሴን ቀርጬ፤
ከሁሉ አስቀድሜ ቀኑን፦

«ሐሙስ፣ ሰኔ ዘጠኝ።
ሾላው ውሃ ውስጥ ነው። ድንጋዩን አላገኘነውም።
ነፋስ፣ ስምንት ሰዓት። ልክ ነው።
ዋና፣ ገና።»