ሦስት መቶ ኪሎ ከኋላ

ፊዮርዱ ከታች ነው፣ እንደ ቢላ ስለት፣
የኛ ፖም ከላይ ነው፣ በቆመ ቁልቁለት፤
እዚያ ፍየል እንኳን ቆም ብላ ታስባለች፣
አንዱን እግሯን ሳትተክል ሌላውን መች ታነሣለች።

ቶርቢዮርግ ታላቄ ናት፣ እሷ ሁሌ አዛዥ፣
እኔ ጉንቮር ደግሞ በር ከፋች፣ ገመድ ያዥ።
ትንሿን ትራክተር በዱቤ ስንገዛ
«ከፈረስ አትበልጥም፣ ድርቆሽም አትበላም» አለች፣ ሣቋ በዛ።

ጥቅምት ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ።
ሙሉ ሣጥን ፖም ጫነች ከፊት ለፊቱ፣
ሎደሩን ሰቀለች ከራሷም በላይ፤
«ሁለት ጎማ በቃ፤ ነዳጅ ይዘንባል ወይ ከሰማይ?»

ከዚያ በዓይኔ አየሁት፣ ማንም አልነገረኝ፦
የኋላ ጎማዎች መሬቱን ለቀቁ፣
ቀስ ብለው፣ በጨዋ ደንብ፣
ለመሄድ እንደተነሣ እንግዳ፣ ሳይጣደፉ፣ ሳይጨነቁ።
ፍሬኑ ያለው እነሱ ላይ ነው፤ ከፊት ምንም የለ፤
አየር የረገጠ እግር መቼ ቆሞ ያውቃል?
ፍሬን ረገጠች፤ ትራክተሯ ሄደች።
ደግማ ረገጠች፤ ትራክተሯ ሄደች።

«ምድር አስነኪው!» ብዬ ጮህኩ።
ድምፄ ማዶ ካለው ተራራ ደርሶ ሳይመለስ
ሎደሩ ወደቀ፣ አፈሩን ቧጠጠ፣
አፋፉ ጋ ሲደርስ ጥርሱን ነክሶ ቆመ።
ፖሙ ግን አልቆመም።
ሳምንቱን በሙሉ ዓሣ አጥማጁ ኤይሌቭ
መረቡን በሳበ ቁጥር
ጨው የጠጣ ፖም በባልዲ አመጣልን፣
አንድም ቃል ሳይተነፍስ። ስድብ ይሻል ነበር።

በነጋታው ሳንነጋገር ጣውላ ገጠምን፣
ሲሚንቶ አቦካን።
ከጓዳው ከባድና ሥራ ፈት ብረት ሁሉ ተጠራ፦
የአባታችን ጀልባ መልሕቅ ከነሰንሰለቱ፣
ወገቡ የተሰበረ መስፍ፣ የምድጃ በር፣
አጎቴ ገበያተኛ ያታለለበት የሚዛን ብረቱ፤
በመጨረሻም ዋንጫዋ፣
በሃያ ዓመቷ በበረዶ ሩጫ ያገኘችው።
«እሱንስ ተይው» አልኳት።
«አርባ ዓመት መደርደሪያ ላይ ተጎለተ፤ አሁን ይጎተት»
አለችና በአካፋ ሲሚንቶ ጫነችበት።

ሲደርቅ መዘንነው፦ ሦስት መቶ ኪሎ፣ ትንሽ ፈሪ።
ከኋላ አንጠለጠልነው።
የሰንሰለቱ ጫፍ ሳይሸፈን ቀርቶ
እንደ ጅራት ወጥቷል።

አሁን ጭነት ከፊት ሲኖር ሣጥኑ ከኋላ አለ፤
ኋላው ሲከብድ የፊት አክስልም ትከሻው ይቀላል።
ሎደሩ ዝቅ ይላል፣ ከጉልበት በታች፣
ሐሜት እንደምታወራ ሴት ወደ መሬት ቀርቦ።
አራቱንም ጎማ የምናስረው አፋፉ ላይ ነው፣
ሳንወርድ፤ መሐል ቁልቁለት ላይ ማሰብ አይቻልም።
ያን ጊዜ የፊቶቹም ከሞተሩ ጋር ተያይዘው
«ቀስ» ይላሉ።

አስፋልት ስንደርስ ግን እንፈታቸዋለን።
በደረቅ መንገድ አራት እግር እርስ በርሱ ይጣላል፣
ማርሹ ያቃስታል፣ ጎማው ይላጫል።
ሎደሩ ባዶ ሆኖ ዳገት ስንወጣም ሣጥኑ ይውረድ፤
አለበለዚያ አፍንጫዋ ይነሣል፣
መሪውም የሚይዘው ያጣል።

የጎረቤት ልጅ፣ ስቪርሬ፣ ይህን ሁሉ ስነግረው ሣቀ፤
«አራት ጎማ አለኝ» ብሎ ረግረጉ ውስጥ ዘለቀ።
በሁለት ቢገባ ኖሮ ዳር ላይ ይቀር ነበር፣
በአራቱ ያወጣናል።
በአራት ገባ፤
መሐል ድረስ ሄዶ እስከ መቀመጫው ጠለቀ።
እስከ ማታ ጎተትነው። ሣጥኑ ያን ቀን ደመወዙን በላ።

ቶርቢዮርግ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው።
በዕድሜዋ ወደ ኋላ ዞራ ስታይ አይቻት አላውቅም፤
ባሏ ሲሄድ እንኳ መስኮቱን ዘግታ ድንች ልጣለች።
አሁን ቁልቁለት ከመጀመሯ በፊት
አንገቷን ታዞራለች፣
ሰንሰለቱ ኳ ሲል ትሰማለች፣
ራሷን ትነቀንቃለች።
የምታየው ሣጥኑን ነው፣ አውቃለሁ።
እኔ ግን የአጥሩን በር ይዤ
ከሣጥኑ ትይዩ እቆማለሁ።