ሠላሳ ሦስተኛው ንድፍ

ነፋሱ እዚህ አገር ማንኳኳት አያውቅም፤
ባርኔጣ ሲነጥቅ ፈቃድ አይጠይቅም።
በፑንታ አሬናስ፣ በቺሊ ጫፍ፣ መንገድ ዳር ገመድ ይወጠራል፤
እግረኛው ገመዱን እንደያዘ ወደ ሥራው ያመራል።
ኮሌጁ እዚህ ሊያሠራ፣
መጻሕፍትና ኮምፒውተር ባንድ ጣራ፣
የርካን ጠራ።

የርካ ሚሆቪሎቪች፣ የጀልባ አናጺ የልጅ ልጅ፣
እርሳስ ጆሮዋ ላይ፣ ጉንፋን የማይለቃት፣ ቁጡ ግን ወዳጅ።
እኔ መስመር ጎታች፣ የርሷ ሁለተኛ እጅ።

ስብሰባው ዘለቀ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፤
ዶን ኤሌውቴሪዮ፣ ዱላውን እንደያዘ፣
«ፀሐይ አታስገቡ፣ መጽሐፍ ይገረጣል፣»
ብሎ ጠረጴዛውን ይመታል፣ ይቆጣል።
«የእኔ ማሽኖች ደግሞ ሙቀት ይጠላሉ፣
ካልበረዳቸው በቀር ሥራ ይተዋሉ፣»
ትላለች ሮሳልባ፣ የኮምፒውተሩ ኃላፊ።
ከበሩ ሥር አንድ ልጅ፣ ሊሳንድሮ፣ ጃኬቱ የወንድሙ፣ ሰፊ፣
«እኛስ የት ነው የምንሞቀው?» አለ።
ሳቅ ሆነ። ታለፈ። ሌላ አጀንዳ ቀጠለ።
የርካ ግን ጥያቄውን ከተበች መዳፏ ላይ፤
ሦስት ቀን ሳሙና ሳይነካው፣ ቀለሙ እንዲታይ።

ሠላሳ ሁለት ጊዜ ሳልን፣ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ቀደድን።
አንዱ ግንብ ነበረው፣ ከመስተዋት፤ እሱን በጣም ወደድን፤
የማጌላንን ሰርጥ የሚያይ፣ እንደ ወደብ መብራት ረጅም።
ገንዘብ ያዡ ቆጠረ፣ ቆጠረ፤ «ይኼ» አለ «አይሆንም»።
ታለቅሳለች ስል፣ ላጲስ አነሣች፤
ግንቡን ከላይ ወደ ታች፣ ፎቅ በፎቅ አፈረሰች፤
ፍርፋሪውን እፍ አለች።

መስኮቱን ወደ ደቡብ አዞርን፤ እኛ ዘንድ ፀሐይ በሰሜን ታልፋለች፣
ለወረቀቱ ብርሃኗን ትታ፣ እሳቷን ይዛ ትሄዳለች።
ማሽኖቹ ምድር ቤት፤ ያ ሌባ ነፋስ ገብቶ ያብርዳቸው፤
በጡብ ቦይ ሽቅብ ይውጣ ትኩስ ትንፋሻቸው፤
ከንባብ አዳራሹ አግዳሚ ወንበር ሥር ይደር።
ሌላው ሁሉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተራ ግድግዳ ነበር።

ምረቃው ላይ ንግግር በዛ፤ ሊሳንድሮ ግን ተኝቷል፣
ጉንጩ በአልጀብራ ገጽ፣ አግዳሚው ላይ ተዘርግቷል።
ዶን ኤሌውቴሪዮ ሊቀሰቅሰው፣ ዱላውን አንሥቶ መጣ፤
ጎንበስ ሲል እጁ ወንበሩን ነካ። ቃል አጣ።
ደግሞ ነካ።
ጫማውን አወለቀ። ተቀመጠ፣ ለካ
ጣቶቹ ስንት ክረምት በርዷቸው ኖሯል።

ስለ በሩ ግን አትጠይቁኝ፤
ማጠፊያውን አዙሬ የሳልሁት እኔ ነኝ።
የከንቲባውን ባርኔጣ በዚያው ቀን ነጠቀ፤
ዛሬም በገመድ ይታሰራል፤ ገመዱም ስንቴ አለቀ።
የርካ ሳቀች፤ «ቢያንስ» አለች፣ «አሁን ያንኳኳል።»
እውነቷን ነው። አንባቢው ሲበተን፣ መብራቱ ሲጠፋ፣
ቤቱን ለሠራነው እንቅልፍ ሲመጣ፣
ነፋሱ በሩን ይዞ፣ እስኪነጋ ቤት ይመታል።