ሩብ ዙር

ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት፣ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣
ቱሉ ዲምቱ ዳገት፣ ከብሎኮቹ ማብቂያ፣
ክዳኑን ፈንቅዬ፣ ተንበርክኬ ጭቃ፣
ባትሪ በጥርሴ ይዤ፣ ሰፈር ሳይነቃ፣
የውሃውን ተራ ልለቅ ለላይኛው፣
ቁልፌን ሰክቼበት ገና ሩብ ሳዞረው፣

ያዘኝ።

ከእምብርቴ በላይ፣ ከጎድኔ ሥር ገብቶ፣
በጀርባዬ ወጣ እንደ መሰርሰሪያ በስቶ።
ቀና ስል ባሰብኝ፣ ጎንበስ ስል ቀለለ፤
እንደ ጉድጓዱ ክዳን ተደፍቼ ቀረሁ።

ባጃጅ ላይ ሲጭኑኝ እትዬ ዘርፌ ደረሱ፣
ቢጫ ጀሪካናቸው በእጃቸው፣ ባዶውን።
«ምነው መርድ? ሰው አናዶህ ነው?»
ወዲያው ደግሞ ዝቅ ብለው፣ «ውሃዋስ ተለቃለች?»

ዶክተር ሰሎሜ ልጅ ናት፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ያላት።
«ቆሽትዎ ተቆጥቷል» አለችኝ።
«ማን አስቆጣው?»
«ጠጠር።»

የጓንት ካርቶን ቀድዳ በጀርባው ሣለችልኝ።
ይኸ ጉበት። ይኸ የሐሞት ከረጢት፣ ጠጠር ያዘለ።
ይኸ ቆሽት፣ እሱም የራሱ ቧንቧ ያለው።
ሁለቱ መስመሮች ወርደው ወርደው
አንጀት ደጃፍ ላይ ይገናኛሉ፤ መውጫቸው አንድ በር።
በሩ ጡንቻ ነው፣ ቀለበት የመሰለ፣
ሲጠሩት የሚላላ፣ ሲያሳልፍ የሚጠብቅ።
ጠጠሬ እዚያች ቀለበት ውስጥ ተሰንቅሯል።

«ግፊቱስ?» አልኳት።
ቀና ብላ አየችኝ።
«መውጫው ሲዘጋ ከላይ የሚመጣው አያቆምም።
ግፊቱ ሲያይል ወደ ጎረቤት መስመር ይመለሳል፣ አይደል?
ሐምሌ ላይ ብሎክ አርባ ሁለት እንዲሁ ሆኖ
የላይኞቹ እጣቢ በምድር ቤቷ ሴትዮ ማድ ቤት ወጣ።»
«ሥራዎ ምንድን ነው?»
«በር እከፍታለሁ።»

ቆሽት ሥጋ የሚያሟሟ ውሃ ይሠራል አለች፤
መሄጃ ሲያጣ ራሱን መፍጨት ይጀምራል።
እኔ ደግሞ ስንቴ ነው «ቆሽቴ አረረ» ያልኩት!
በመብራት ቢል፣ በእድር ጸሐፊ፣ ባልተከፈለኝ ትርፍ ሰዓት።
ስሙን ሳላውቀው ስምለው ኖሬ
እውነቱን አወቅሁት፣ አርሬ።

እህልም ውሃም ተከለከልኩ።
ሽንቴ ጥቁር ሻይ፣ ዓይኔ የእትዬ ዘርፌ ጀሪካን።
ከራሴ በላይ ጉሉኮስ ጠብ ትላለች፤
ትንሽ የላስቲክ ጎማ አላት፣ በአውራ ጣት የምትዞር።
እሷም ቫልቭ ናት። ስቆጥራት አደርኩ።

ስልክ ጮኸ። ኦብሳ ነው፣ ረዳቴ፣
«ጋሼ፣ ይሄ ቫልቭ እምቢ አለኝ፣ በመዶሻ ልበለው?»
«እንዳትነካው! ሩብ ዙር። ጠብቅ።
ጆሮህን ብረቱ ላይ አድርግ፣ ሲተነፍስ ይሰማሃል።
ከዚያ ሌላ ሩብ።»
ስልኩን ዘግቼ ሆዴን አየሁት፤
ለዚህኛው ማን ቁልፍ ይዞ ይውረድለት?

ሦስተኛው ሌሊት ላይ፣ ማንም ሳይደርስበት፣
አንድ ነገር ላላ።
ድምፅ አልነበረውም። እኔ ግን ሰማሁት፣
ሃያ ሁለት ዓመት ያዳመጥኩት ነገር ነው።

ጠዋት ሽንቴ ጠራ። «አልፏል» አለች ሰሎሜ፣
«ግፊቱ ወርዷል። ከረጢቱ ግን ይውጣ፣ ሌላ ይልክብዎታል።»
«ሐሞቴን አውጥተሽ ሰው ምን ይበለኝ?
ሐሞተ ቢስ?»
ወረቀት ዘረጋችልኝ፣ ፈርሙ የሚል።
እስክሪብቶው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ።
«ሐሞቴ ፈሰሰ» አልኳት።
«እሰይ!» አለች ልጅቷ፣ «እሱን አይደል ሦስት ቀን የጠበቅነው።»

ቀጠሮዬ ኅዳር ነው። እስከዚያ ቅባት አልበላም።
የሰሎሜን ካርቶን ከመሣሪያ ክፍላችን ግድግዳ ሰቅዬዋለሁ፣
ከመስመር ካርታዎቹ ጎን።
ትናንት ኦብሳ ፊቱ ቆሞ አየው፣ አየው፣
በጣቱ ተከተለው እስከ በሩ ድረስ፤
«ጋሼ፣ ይኸ የየትኛው ብሎክ ነው?»