ገሏ ቅዳሜ ላይ

አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጀምበር ሳታዘቀዝቅ፣
ልጆቼን ሰብስቤ «ዛሬ» አልኳቸው «እንጠንቀቅ።
ከመምሸቱ በፊት የሚሠራውን ሥሩ፤
የላላውን አጥብቁ፣ መስመሩን አስምሩ።
ነገ ጣት አይጽፍም፣ ነገ እጅ አይቆፍርም፤
ጨዋታ ሞልቷል ነገ፤ መጫወቻ መሥራት ግን አይኖርም።»

ልቅናው፣ የስድስት ዓመት ሽማግሌ፣ እጁን አነሣ፤
«መኪናዬስ?» አለ፣ «ስነካት የምታገሣ፣
አጎቴ የላከልኝ፣ ዓይኗ ቦግ የሚል፣ ቀይ?»
«ቦግ ያለ ነገር ሁሉ» አልኩት «እሳት አይደል ወይ?
እሷም ሳምንቱን ሙሉ ስትሮጥ ነው የከረመች፤
ሣጥን ውስጥ ትተኛ፣ ትንሽ ስለደከመች።»

አልጣሽ ከቀሚሷ ኪስ ሁለት በሬ አወጣች፤
ወለቃ ያለች አክስቷ ናት ከጭቃ ያበጀች።
ቀንበሩ ስንደዶ ነው፣ ማነቆው ክር ነበር።
እኔ ሕጉን ሳላነብ፣ ሳልጀምር መናገር፣
አንዱን ፈታች፣ ሌላውን፤ ከሣር ላይ አስተኛቻቸው፤
«‘በሬህም’ ይላል» አለች፤ «ኦሪት መች ረሳቸው!»

የገለጥኩትን መጽሐፍ ቀስ ብዬ ዘጋሁት፤
ያዘጋጀሁትን ትምህርት ለሰኞ አቆየሁት።

ከዚያ ግቢው ወጣን፤ ብርሃኑን ተሻምተን
አቧራው ላይ በዱላ ሰባቱን ቤት ጫርን፤
ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ… እስከ እሁድ ድረስ፤
ዱላውም ተጣለ፣ ጀምበር ጠልቃ ሳትጨርስ።

ጠዋት ከጸሎት መልስ፣ በረከቴውን ገምጠው፣
ነጫቸውን እንደለበሱ፣ መጡ ተንጋግተው።
ሐሙስ የለም። የጎንደር ንፋስ በልቶታል ሌሊቱን።
ከአርብም ቢሆን የተወላቸው ግማሹን።
ልቅናው ልማድ ሆኖበት ዱላ ሊያነሣ
ጎንበስ አለና ቆመ፤ ያልኩትን አልረሳ።
ሁሉም እኔን አዩኝ፤ እኔ ሰማይ ሰማይ።
ያልተጫረን መስመር መዝለል ይቻላል ወይ?

አልጣሽ ገሏን አወጣች፣ ከትናንት ያሰናዳቻት፤
የእንስራ ስባሪ፤ እፍ አለችና ሰደደቻት።
በአንድ እግሯ ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን ዘለለች፤
በሌለው ሐሙስ ላይም መስመር እንዳትነካ ተጠነቀቀች።
«ነካሽ!» አላት አንዱ። «ምኑን?» «መስመሩን ነዋ!»
«የታለ?» «እዚህ ጋ ነበር!» ሳቁ ፈረሰ ከኋላዋ።

ቅዳሜ ደረሰች። ገሏ እዚያ ተኝታለች።
ደንቡ አንሥተሽ ዝለይ ነው። አልጣሽ ግን አልዘለለች፤
ሁለት እግሯን አወረደች፤ ቀሚሷን አጣጥፋ
ገሏ አጠገብ ተቀመጠች፣ በሬዎቿን አቅፋ።

«ተነሺ እንጂ!» አላት ልቅናው፤ «ቀርቶሻል አንድ ቤት!»
«ይደርሳል» አለች፤ «ሲመሽ ነው እሁድ የሚገባበት።»

አንድ በአንድ ሌሎቹም መጥተው ተጠጋጉ፤
ዘጠኝ ልጅ በአንድ ካሬ፣ እንቆቅልሽ ሲያወጉ፤
ለእኔም ትንሽ ቦታ ነበረ፣ ከጥጉ።