ኮድ

በእኛ ጠረፍ፣ በኒውፋውንድላንድ፣ ኮድ ማለት ዓሣ ነው፤
ሥጋው ነጭ፣ ጉበቱ ዘይት፤ ከባንክ ይልቅ እሱን ያመንነው።
ሰባት ትውልድ በላው፣ ሰባት ትውልድ ሸጠው፣
ባሕሩን መንግሥት በአንድ ሐምሌ ማታ ቆልፎ አስቀመጠው።
«ሁለት ዓመት ብቻ» ሲል ሬዲዮው ነገረን፤
ሁለቱ ዓመት አላልቅ አለ፤ እኛው አልቀን ቀረን።

የዓሣው ፋብሪካ በሩ ዝጎ ቀረ፤
ጨውና ጉበቱ ግን ግድግዳው ውስጥ ገብቶ እየሸተተ አደረ።

ይኸው በስንት ዘመን አንድ ፖስታ መጣ፤
ድሩሲላ በመረብ መስፊያዋ ቀደደችው፣ ወረቀቱ ወጣ፦
«ለገጠር ነዋሪ፣ ለሥራ ሥልጠና፣ የማይመለስ ድጋፍ፤
ዐሥራ ስድስት ሳምንት፤ አበል፣ ማሞቂያ፣ ኮምፒውተር በሰልፍ።»
የምንማረው?
ኮድ።

ሳቁ አዳራሹን ሊያፈርሰው ምንም አልቀረው።
«የወሰዱብንን» አለ ጋርላንድ፣ «በወረቀት ሊመልሱት ነው?»

ታች ግን በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነበር፤
«ተማሪው ዐሥራ ሁለት ካልሞላ፣ ገንዘቡ ይመለስ ከነሰነዱ ጋር።»
ቆጠርን፦ ዐሥራ አንድ። ደግመን ቆጠርን፤ ዐሥራ አንድ።
በየቤቱ ብንዞር፣ ከሕፃንና ከመቃብር በቀር አልተረፈን ዘመድ።

አዛርያ ነው ያዳነን፤ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ ዐይኑን ሞራ የጋረደው፣
«ስሜን ጻፉት» አለ፤ «ትምህርቱን ተዉት፣ ማሞቂያውን ነው የምወደው።»
የስሙ ባለቤት ጥንት ባቢሎን ላይ እሳት ውስጥ ተጥሎ ሳይነካው ወጣ፤
የእኛው አዛርያ እሳቱን ፈልጎ በገዛ እግሩ መጣ።

ተማርን።
አስተማሪያችን ሻርሚላ፣ ልጅ ናት፣ ከከተማ በጀልባ የመጣች፣
«ቅንፍ ከከፈታችሁ ዝጉ!» እያለች ቀኑን ሙሉ ትቆጣለች።
ድሩሲላ ቀድሞ ገባት፤ አርባ ዓመት ቀዳዳ ስትፈልግ የኖረች ሴት፣
ከስንት መቶ መስመር መሐል ስሕተቷን ትለቅማት ጀመር፣ ጣቷን እያስኬደች እንደ መረብ ስፌት።
እኔን ትምህርቱ አመለጠኝ። አበሉ አላመለጠኝም።

አዛርያ ጥግ ይዞ፣ ካልሲ እየሠራ፣ ከማሞቂያው ሥር፣
ሲያንቀላፋ ከርሞ፣ በዐሥራ አራተኛው ሳምንት ጠየቀ አንድ ነገር፦
«ያቺ ‹ድገሚ› የምትሏት፣ እስከ መቼ ትደግማለች?»
«አንድ ሰው ቁሚ እስኪላት ድረስ» ሻርሚላ መለሰች።

ሁለት ቀን በአንድ ጣት ሲለቅም፣ ሲያጠፋ፣ ሲጽፍ ሰነበተ፤
ከዚያ ቁልፉን ተጫነ፤ ስክሪኑ ተከፈተ፦

ሰማያዊት ሐና
የኢዮብ ትዕግሥት
ሁለቱ ወንድማማች
ሰኞ አትሂድ
ሰማያዊት ሐና

የጀልባዎቹ ስም ነበር። ያ ሐምሌ ያሰራቸው፣
ለማገዶ የተፈለጡ፣ የዶሮ ቤት ጣራ የሆኑ፣ ባሕሩ የረሳቸው።
የመጨረሻው ሲያልፍ እንደገና መጀመሪያው፣
እንደ ድሮው ንጋት በሰልፍ ሲወጡ፣ አልተነካም ማቆሚያው።
ሻርሚላ ራሷ እጇን ኪሷ ከተተች።
አዳራሹን ዘግተን ሄድን፤ ስክሪኗ ብቻዋን በጨለማው ስትቆጥር አደረች።

ድጋፉ በመጋቢት አለቀ።
ሦስቱ ልጆች በያዙት ወረቀት ከተማ ሥራ አገኙ፤ ሄዱ፤
እንድንቀር የመጣ ገንዘብ ለእነሱ ሆናቸው መንገዱ።
ድሩሲላ ከኩሽናዋ፣ አይታው ለማታውቀው ድርጅት ትሠራለች፤
ደመወዟ ሲገባ፣ «ምንም አይሸትም» ብላ ታዝናለች።
ማሞቂያውን ጋርላንድ በግማሽ ዋጋ ገዛው።

ሪፖርቱን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ፤
በየስሙ ፊት ለፊት፣ «ሥራ አገኘ? አላገኘ?» ብሎ ጠየቀኝ።
ዐሥራ ሁለተኛው ተራ፦ አዛርያ። በመስኮት ሳይ፣ ወደ ወደቡ ይወርዳል፣
በዱላው መንገዱን እየዳበሰ፣ ከንፈሩ አንድ ነገር ይደግማል።

«አላገኘም» ብዬ ጻፍኩ።
«ምክንያት» ለሚለው ቦታ፣ «ማሞቂያው ስለተሸጠ።»
ፈረምኩ።
ፖስታውን ልሼ ሳሽገው፣ አፌን ጨው ጨው አለኝ።