ሩብ ጉዳይ

የዘጌን ትኬት ይቆርጥ ነበር አያ ሙጨ፣
ከቆርቆሮዋ ጎጆ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣
ብሩን በጎማ አስሮ፣ ሳንቲሙን በጣሳ ለይቶ፣
ከተሳፋሪ ሲከራከር፣ ሲያሾፍ፣ ሲቆጣ ቆይቶ፣
ሰዓቱ ከሩብ ሲል ግን
ዝም።

ሦስት ደቂቃ።
ሰው ቢጠራው፣ ቢለምነው፣ መስኮቱን በጡጫ ቢደበድብ፣
እሱ ጣቱን ከፍ አድርጎ፣ የሌለ ሲያዳምጥ፣ የሌለ ሲያነብ።
ሩብ ጉዳይ ሲልም እንደዚያው።
እኔ ሞተር አስነስቼ፣ ሰዉን ፀሐይ እየበላው፣
«ኧረ ሰውዬ!» ስለው
መልስ የለም። ሦስቱ ደቂቃ ሲያልቅ፣ «ስንት ናችሁ?» ይላል፣ ምንም እንዳልሆነ ነው።

ሰዓቱም ያስቅ ነበር። ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት፣
ከአርባ አምስት እስከ አርባ ስምንት፣
ከጥሩአየር ሱቅ በዱቤ ባመጣው የጥፍር ቀለም የቀባው፣
የሐብሐብ ቁራጭ የመሰለ ቀይ ምልክት።

አንድ ቀን እምቦጭ ፕሮፔለሩን አንቆ፣ ከዳር ታስሬ ስውል፣
ሱሪውን ሰብስቦ ወረደ፣ ሥሩን አብሮኝ ሊነቅል፣
ያን ቀን ነገረኝ።

«ምጽዋ ነበርኩ፣ ባሕር ኃይል። የሌሊት ሞርስ አድማጭ።
ሌላ አካል አልነበረኝም፣ ጆሮ ብቻ።
ሙቀቱ ጨው ያፈላል፣ ማዳመጫው ላብ ይጠጣል፣
የግሪኩ መርከበኛ ይቸኩላል፣ ነጥቡን እንደ ሽምብራ ይቆረጥማል፣
የኤደኑ ሰውዬ የመጨረሻዋን ሰረዝ ይጎትታታል፣
አንድ ነገር ቤቱ ረስቶ የመጣ ይመስላል።
ፊቱን አላውቅም። ስሙንም።
እጁን ግን ከሺህ እጅ እለየው ነበር።
ልጅ ሲወልድ በእጁ አወቅሁ፣
እናቱ ስትሞት በእጁ አወቅሁ፣
እሱ ስለ ነፋስና ስለ ጭነት ብቻ ሲያወራኝ።»

«ሦስቱ ደቂቃስ?» አልኩት።

«በሰዓት ሁለቴ፣ ባሕሩ ላይ ያለ መርከብ ሁሉ ዝም ይላል።
ነዳጅ የጫነው ያርፋል፣ በግ የጫነው ያርፋል፣
የሚሰጥም ሰው ድምፁ ቀጭን ነዋ፣ ጫጫታ ይውጠዋል።
ለአንድ ለማያውቁት ሰው ተብሎ፣ ስንቱ እጁን ከቁልፉ ያነሣል!
እንዲህ ያለ ዝምታ፣ አንተ፣ አሁን ከየት ይገዛል?»

እምቦጩን ጨምቆ ወረወረው።

«መጀመሪያ ባሕሩ ሄደብኝ፤ ሞርሱ ቆይቶ ተከተለ።
እዚሁ፣ ከሬዲዮ ዜና ሰማሁት፤ ሳተላይት አለ፣ ጆሮ ይረፍ ተባለ።
በሰረዝ ስኖር ኖሬ፣ እኔው ተሰረዝኩ፤ ሌላ ምን አለ።
ባሕሩን ባጣ ጊዜ ዳሩን ያዝኩ።
ምጽዋን ስንለቅ፣ በመጨረሻው ሌሊት፣
የኤደኑ ሰውዬ ‹ሰባ ሦስት› አለኝ። በኛ ቋንቋ ደህና ሁን ማለት ነው።
ሰረዟን ጎተታት፣ ጎተታት…
እስካሁን ያለቀች አይመስለኝም።»

አንድ ፊደል ብቻ አስተማረኝ፣ በጥፍሩ ጀልባዬን አንኳኩቶ፦
«አራት ነጥብ። እናንተ ነገር ትዘጉበታላችሁ፤
በጆሮ ግን ሀ ነው።»

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ቀበርነው።
ሳጥኑን ስናወርድ አራቴ አንኳኳሁ።
አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ምስማር የላላ መስሎት ጎንበስ ብሎ አየ።

አሁን ትኬቱን የሚቆርጠው ልጅ ዓይኑ ከስልኩ አይነሣም።
ሰዓቱን እኔ ወሰድኩት፤ ከመሪዬ በላይ ሰቀልኩት።
ትናንት፣ ከዘጌ ስመለስ፣ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲል፣
መሀል ጣና ላይ ሞተሩን አጠፋሁት።

«ነዳጅ አለቀ እንዴ?» አለች ሎሚ የያዘችው ሴት።
ጣቴን ከፍ አደረግሁ።
ሰዉ አጉረመረመ፣ ተወው። ዶሮዎቹ ብቻ አልተስማሙም።
ውኃው የጀልባዋን ጎን ይነካል፦ ጠብ። ጠብ። ጠብ።
ቀጥሎ አንድ ረጅም፣ እየተጎተተ የሚመጣ።
ማንበብ አልችልም፤ አልተማርኩም።
እጁ ግን የማን እንደሆነ —